የበሩ ውፍረት

«ይሄ መነጽር የማን ነው?»

«የአክስቴ። ግራው ተሰንጥቋል።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው። ሰው ግን አይለይም።»

የምስጢር ምልክቱ ልክ ነበር። «ቅጠል» የመነጽሩን ማኅደር በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት። በምስጢር ስሙ «አጎት» የሚባለው አለቃዋ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት በመዳፉ ሸፈነው። የመነጽር ጥገና ቤቱ የእሱ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን መነጽር ሲጠግን ማንም ጠርጥሮት አያውቅም።

በማኅደሩ ሽፋን ሥር ጥፍር የምታክል ፊልም አለች። ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የመጨረሻ ንድፍ ናት። ቅጠል መሣሪያው በተሠራበት ወርክሾፕ በመስታወት ጠራጊነት ተቀጥራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ንድፉን ቁራጭ በቁራጭ አውጥታዋለች። መሣሪያው ብርሃንን ስንጥቅጥቅ አድርጎ የሚያይ ነው። በጢስ ውስጥ አልፎ የመጣ ብርሃን ከደረሰው፣ ከወንዝ ማዶ ሆኖ ጢሱ ውስጥ የትኛው መርዝ እንዳለ ይናገራል። የወርክሾፑ ጌቶች ደግሞ የወንዙ ዳር ፋብሪካም ጌቶች ናቸው። መሣሪያው መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ጢስ እንዳይዞር ፈርተው ቆለፉበት። ከፋብሪካው በታች ያለው ሰው ደም እያሳለ መሞቱን ግን አላቆመም።

«ሠንጠረዡስ?» አላት አጎት።

«ዛሬ። ስድስት ተኩል ላይ፣ ለምሳ ሲወጡ።»

ያለ ማስተካከያ ሠንጠረዡ ንድፉ ባዶ ብረት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ባለ ጭረት መስታወት በራሱ ክብደት በጥቂቱ ይጣመማል። ጥመቱን የሚያርሙት ዘጠኝ ቁጥሮች ናቸው፤ እነሱን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።

«ሽማግሌውን ማንም አይነካውም ብለኸኛል።»

«ቃሌን አጥፌ አውቃለሁ?»

ይህን ሲል ዓይኑን ከማኅደሩ አልነቀለም። ያኔ ልብ ማለት ነበረባት።

ሽማግሌውን በወርክሾፑ ሁሉም «ጋሼ ዝጋው» ይለዋል። ሰው ወደ መሣሪያው ክፍል ብቅ ባለ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ዝጋው!» ስለሚል ነው። ክፍሉ ሃያ ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በዲግሪ አንድ መቶኛ ንቅንቅ ካለ መስታወቱ ያብጣል፣ የብርሃኑ መስመር ከቦታው ይሸሻል። «ሰው ማለት ሁለት እግር ያለው ምድጃ ነው» ይላል ጋሼ። አዲስ ሠራተኛ ሲስቅበት፣ አጠገቡ ያቆመውና መስመሩ ሲሸሽ በብዕር እየተከተለ በሚጽፈው መቅረጫ ወረቀት ላይ ያሳየዋል።

መቅረጫውን ግን በምሳ ሰዓት ያጠፋዋል። ወረቀት ሲባክን አይወድም። ቅጠል ስድስት ተኩልን የመረጠችው ለዚህ ነው።

ገባች። በሩን ዘጋች። መሳቢያውን በሠራችው ቁልፍ ከፈተች። ሠንጠረዡን አወጣች፤ ካሜራዋም ከጫማዋ ተረከዝ ወጣች።

ከዚያ ሰማችው። ጭር... ጭር... ጭር።

መቅረጫው እየሠራ ነበር።

ትናንት አዲስ መስታወት መገጠሙ ትዝ አላት፤ ጋሼ እሱን ሊፈትን መቅረጫውን ሳያጠፋ ወጥቷል። ብዕሩ መስመሩን ወደ ቀኝ እየገፋ ነው። የሚገፋው የእሷ ሙቀት ነው። ወረቀቱን ብትቀድደው መቀደዱ ይናገራል። ብትተወው ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ሠንጠረዡን ፎቶ አነሳች፣ መሳቢያው ውስጥ መልሳ ቆለፈችበትና ወጣች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶባት ነበር።

ጋሼ ከሁሉም ቀድሞ ተመለሰ። ቅጠል በኮሪደሩ ላይ መስታወት የምትወለውል መስላ ቆማለች። ገብቶ ወረቀቱን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ። ዝጊው።»

ገብታ ዘጋችው።

«ስድስት ከሠላሳ አንድ ላይ ገባሽ፤ አርባ ሁለት ላይ ወጣሽ። የቆምሽው በግራ ነው፣ መሳቢያው ጋ።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ ባለችው እብጠት አሳለፈ። «ትንሽ ናት። የእነዚያ የወፍራም ጌቶቻችን ብትሆን ከወረቀቱ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ትሄድ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ» ያላት ሰው ነው። ስትታመም ደጇ ድረስ መድኃኒት ይዞ መጥቷል። አፈረች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ኀፍረቷ ባሰ።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«የምትልኪው ለማን ነው? የፋብሪካውን ጢስ ለሚመረምሩት ነው?»

«አዎ።»

«እህቴ ከፋብሪካው በታች ነበረች። ነበረች ነው የምልሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመሳቢያው ቁጥር የውሸት ነው። ለእነዚህ ሰዎች እውነተኛውን ሰጥቻቸው አላውቅም። እውነተኛው ያለው...»

በሩ ተበረገደ።

የጥበቃ ኃላፊው ነበር፤ ከኋላው ሁለት ዘበኞች። በሩን ሳይዘጋ መጥቶ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

የመነጽር ማኅደር።

ገና ረፋድ ላይ በገዛ እጇ ለአጎት የሰጠችው ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስንቴ ሰምታ ነበር፤ ዛሬ ከፈረሱ ላይ ወድቃ አየችው።

«ስድስት ተኩል ላይ እዚህ የገባ ሰው አለ» አለ ኃላፊው። «ስሙን የሚነግረኝ ሰውዬ የድንበር ማለፊያ ወረቀቱን በእጁ ሳይዝ አልናገርም ብሏል። ወረቀቱ አሥር ሰዓት ላይ ይደርስለታል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም።» ዓይኑ መቅረጫው ላይ አረፈ። «ይሄ እብጠት ምንድን ነው?»

«ሰው ነው» አለ ጋሼ።

«ማን?»

«እኔ ነኛ።»

ቅጠል አፏን ልትከፍት ነበር። ጋሼ አላያትም። ሆን ብሎ አላያትም።

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ሠንጠረዤን እየሸጥኩ። ወስዳችሁ ጠይቁኝ። እዚህ አምስት ምድጃ ተሰብስበን መስታወቱን ገደልነው።»

ምሳ ቤት ተቀምጦ ሲበላ ያዩት አርባ ሰዎች አሉ። ውሸቱ ቢበዛ እስከ አሥር ሰዓት ነው የሚቆየው። ከዚያ በኋላ ለዋሸበት ያስከፍሉታል። ቅጠል ይህን ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። አንድ ቃል ብትናገር ይተርፍ ነበር። አልተናገረችም። ዘጠኙ ቁጥሮች ከሌሉ የሁለት ዓመቱ ሥራ፣ ከወንዙ በታች ያለውም ሰው፣ ሁሉም ከንቱ ነው። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ፈርታም ነበር።

ዘበኞቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ወጡ። ኃላፊው እሷም ወደ ኮሪደሩ እንድትወጣ በአገጩ አመለከታት። ጋሼ ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለ።

«አንቺ ልጅ፣ በሩን ዝጊው።»

እጀታውን ያዘች።

«ቀስ ብለሽ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ «ቀስ ብለሽ» ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ «ቶሎ!» ነበር።

በሩን ቀስ ብላ ሳበችው። ያን ጊዜ አየችው። በበሩ ውፍረት ላይ፣ ከመቆለፊያው ከፍ ብሎ፣ በእርሳስ የተጻፉ ምስር የሚያህሉ ቁጥሮች ወደ ታች ተደርድረዋል፤ በቃሏ ትይዛቸው ጀመር። የበሩ ውፍረት የሚታየው በሩ ክፍት ሲሆን ነው። ይህን በር ክፍት አድርጎ የቆመ ሰው ደግሞ የለም፤ ጋሼ አያስቆምም።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ምን ትጎተቻለሽ?» አለ ኃላፊው።

«ከበድ ይላል፣ ጌታዬ።»

ሰባት። ስምንት።

ዘጠኝ።

በእርጥብ ጨርቋ ጠርዙን ጠረገችና ዘጋችው።

በዋናው በር ላይ ዘበኛው አስቆማት። «ወዴት ነው?»

«የመስታወት ማጽጃ አልኮሉን ውሃ ቀላቅለው ሸጡልኝ። ልመልስላቸው ነው።»

የያዘችውን ጣሳ ከፍቶ አሸተተ። ስልኩ ጮኸ። ዘበኛው ወደ ስልኩ ዞረ፤ እሷ ወደ መንገዱ።

አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታወሳል።

የሥራው ደንብ ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለአለቃ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። የክፉ ቀኑ ፊልም በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቷል፤ መልእክት የሚተውበትን የክፉ ቀን «ሳጥን» ደግሞ የላካት ማዕከል እንጂ አጎት አያውቀውም። ከአሮጌ ድልድይ ሥር ያለ ልቅ ድንጋይ ነው። ዘጠኙን ቁጥሮች በመስታወት መወልወያ ጨርቅ ላይ ጻፈች፣ ፊልሟን ጠቀለለችበት፣ ድንጋዩን መለሰች። ጋሼን እዚያ ድንጋይ ሥር የቀበረችው ይመስል ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በወንዙ ውሃ ታጠበች። አሥር ሰዓት ሲሆን አጎት ስሟን ሲናገር፣ በዚያ ስም የምትጠራ ሴት ከተማው ውስጥ አልነበረችም።

በስምንተኛው ወር ሬዲዮው ተናገረ። ከወንዝ ማዶ የተተከለ መሣሪያ የፋብሪካውን ጢስ መርምሮ መርዙን በስሙ ጠርቶታል። ፋብሪካው ቆሟል። መሣሪያውን ማን እንደሠራው አልተነገረም።

በማግስቱ ከማዕከሉ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰቻት። ሁለት ቃል።

«ሽማግሌው አረፈ።»

አቃጠለቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አሁን በአንድ ሆቴል የአንሶላ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሌላ ስም አላት፣ ሌላ ፀጉር። ዝምተኛ ናት ይሏታል። አለቃዋ ከተከመረው አንሶላ ኋላ ቀና አለች።

«እህቴ፣ በሩን ዝጊልን እንጂ፤ ብርዱ ፈጀን።»

ሄደች። እጀታውን ያዘች። የበሩን ውፍረት ከላይ እስከ ታች አየችው።

ምንም አልተጻፈበትም።

ቀስ ብላ ዘጋችው።