ማሽኑ በሆዱ የያዘው

ሰውየው የተገኘው ከሆስፒታሉ አስተዳደር ሕንፃ ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ ከቆመበት ጥግ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ዙሩን ሊጀምር የወጣው ዘበኛ ነው ያገኘው፤ በደረቱ ተደፍቶ፣ አንድ ጫማው ወልቆ፣ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ጀርባው ላይ እያወረደበት። ዘበኛው ከመጮኹ በፊት ጎትቶ ከውሃው አወጣው። በኋላ ፖሊሶቹ አስከሬን ለምን ነካህ ብለው ሲቆጡት፣ «ታዲያ እየወረደበት ቆሜ ልየው?» ብሎ መለሰላቸው።

ሟቹ በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል የማከማቻው ጠባቂ ነበር። የበሽተኛው ሁሉ ራጅና ስካን የሚቀመጥበት ትልቅ ሣጥን በእሱ እጅ ስለሆነ የሥራ ጓደኞቹ «ጎተራው» ይሉታል። «ያለ እኔ ዶክተሩም ጠንቋይ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

ፖሊስ ነገሩን ለመዝጋት አልዘገየም። ወደ ጣሪያው በሚያወጣው በር ላይ ካሜራ አለ፤ የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ምስሉ ተቋርጧል። ካሜራው ምስሉን የሚያኖርበትን ማከማቻ አንድ ሰው አላቅቆታል፤ ያላቀቀውም በጎተራው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በጎተራው የይለፍ ቃል ገብቶ ነው። ስለዚህ ሰው እንዳያየው ካሜራውን ካሳወረ በኋላ ወጥቶ ራሱን ወረወረ ተብሎ ተጻፈ።

እናትየው ይህን አልተቀበሉም። ከምርመራ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አልነሣም አሉ። በመጨረሻ ያነጋገራቸው ባልደረቦቹ «ጆሮ» የሚሉት መርማሪ ነው፤ ብዙ ስለሚሰማ እንጂ ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም።

«ልጄ፣ ገዳይ ፈልግልኝ አላልኩም» አሉት። «በገዛ እጁ አልሞተም የሚል ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለልጄ ማልቀስ እንኳ አፈርኩ።»

«እናቴ፣ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ሁሉን የሚያውቅ ከላይ አለ። አንተ ታች ያለውን ፈልግልኝ።»

ጆሮ ፈልጋለሁ አላቸው። ቃል የሰጠው ከልቡ ነው። ምን እንደሚያስከፍላቸው ግን ያን ጊዜ እሱም አላወቀም፣ እሳቸውም አላወቁም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ የሟቹ እህት ባል ነው። እናትየውም የሚኖሩት እሱ ቤት ነው። ለምርመራ ሲጠራ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙ አድጎ መጣ፤ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይቸኩል መለሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ነበር፤ ሚስቱም ይህንኑ ለፖሊስ ተናግራለች። የጎተራውን የይለፍ ቃል ከራሱ ከጎተራው በቀር የሚያውቅ የለም አለ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሰውየው እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ ነበር፤ እንደ ወንድሙ ሆኖ ሳለ ቀድሞ አለመንቃቱ ያንገበግበዋል።

ጆሮ ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀው።

«የተላቀቀው ማከማቻ ዘበኛው አስከሬኑን ከማግኘቱ በፊት ተመልሶ ተገናኝቷል። ማን መለሰው?»

«ራሱ ነው የሚመለሰው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ማከማቻውን ፈልጎ ይይዛል።»

«ጠፍቶ ሲነሣ።»

«አዎ፣ ጠፍቶ ሲነሣ።»

ቀጥሎ የመጣችው የኔትወርክ ባለሙያዋ ናት። ቅዳሜ ተረኛ ሆና ሕንፃው ውስጥ ነበረች፤ ከሟቹ ጋር በሰው ፊት መጣላቷንም ሁሉም ያውቃል። ገና ሳትቀመጥ፣ «እኔ ብገድለው በኬብል አንቄው ነበር፤ ጣሪያ ድረስ ምን ያስወጣኛል?» አለች። ወዲያው በተናገረችው አፍራ ፊቷን በሻርቧ ሸፈነች። ጆሮ ወንበር አቀረበላት።

ጠባቸው የሥራ ነበር። ምስል ሲዘገይ እሱ መስመሩን ይከሳል፣ እሷ ሣጥኑን። በመጨረሻው ሰሞን ግን ሁለቱም መካሰሱን ትተው ነበር፤ ምክንያቱም ከመዘግየት የከፋ ነገር መጣ። የአንዱ በሽተኛ የሳንባ ምስል በሌላው ስም ይከፈት ጀመር። ኃላፊው ዲስኩ አርጅቶ ነው ብሎ ለዳይሬክተሩ አመለከተ። ጎተራው ግን ሰው ያጠፋው ነው እያለ እንቅልፍ አጥቶ ሲፈትሽ ሰነበተ።

ጆሮ ስለ ማሽኖቹ እንድታስረዳው ጠየቃት።

«ጋሼ፣ ክፍላችን ያለው፣ ሰርቨር የምንለው ትልቁ ኮምፒውተር አንድ ብረት ነው» አለችው። «ውስጡ ግን ብዙ ማሽኖች አሉ፤ በፕሮግራም የተሠሩ፣ አካል የሌላቸው። ቨርቹዋል ማሽን እንላቸዋለን። እንደ ተከራይ ይቁጠሯቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባብ ክፍል አለው፤ ትልልቁን ዕቃ ግን እዚያ ማዶ ካለው ሣጥን በኔትወርክ እየተገናኘ ነው የሚያስቀምጠው። የካሜራውም ማሽን፣ የዶክተሮቹም ምስል በዚያው አንድ ሣጥን ላይ ናቸው፤ ሣጥኑ ከተላቀቀ ሁለቱም ያጡታል።»

«ቅዳሜ ያ ማሽን ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ አልጠፋም። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አንዴም አልጠፋም። ቢጠፋ ስልኬ አያስተኛኝም።» ጥቂት አሰበችና፣ «እኔንስ ያስቸገረኝ ሌላ ነው» አለች። «የራሱ ጠባብ ክፍል ጢም ብሏል። ፋይል በፋይል ፈለግሁ፤ የሞላውን ነገር ላገኘው አልቻልኩም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የሞላው?»

ቀኑን በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች።

«ከቅዳሜ» አለች በቀስታ።

ጆሮ ሣጥን ሲላቀቅ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ጠየቃት፤ ስታስረዳው እስከሚቀጥለው ቀን ማሽኑን እንዳትነካው አደራ አላት። ስትወጣ፣ ጎተራው ታሞ በተኛ ጊዜ ሥራውን ማን ይሠራለት እንደነበር ጠየቃት። አማቹ፣ ኃላፊው፣ በእሱ የይለፍ ቃል እየገባ ይሠራለት እንደነበር ነገረችው፤ ጎተራው ቃሉን ከዚያ ወዲያ አልቀየረውም፤ ከቤተሰብ ምን ይደበቃል ይል ነበር።

ዘበኛው ስለ ኮምፒውተር ሲጠየቅ አንገቱ ላይ ያለችውን ፊሽካ አሳየ፤ «የኔ ኔትወርክ ይቺ ናት» አለ። በዋናው በር የገባ ሰው አላየም። ከድንገተኛ ክፍሉ በኩል የሚያስገባ ሌላ በር አለ፤ ቁልፉ የኃላፊዎች ነው። ከዚያ ቀልዱ ጠፋበት። ዝናቡን ሸሽቶ ማማው ውስጥ መቀመጡን፣ ሰውየውን ሲጎትተው ገና ሙቀት እንደነበረው፣ አንድ ጊዜ ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እያለ ተናገረ። ጆሮ ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር፤ የሐኪሙን የአስከሬን ምርመራ ወረቀት ስላነበበ ግን ትከሻውን ብቻ ነካ አደረገው።

በዚያው ዕለት ማምሻውን የሟቹ እህት መጣች። ቁጭ በይ ቢላት እንቢ አለች።

«ተንሸራተተ ብለው ይጻፉት» አለችው። «ጣሪያው እርጥብ ነበር። እናቴም የፈለገችውን ታገኛለች። ልጄ ራሱን አላጠፋም ብላ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። እኛም እንኖራለን።»

«ቅዳሜ ባልሽ ቤት ነበር?»

«ነበር ብዬአለሁ።»

«ብለሻል።»

«ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ» አለችና ወጣች። ጆሮ በሩ ከተዘጋ በኋላም አልተነሣም። የለመነችው ለእሱ ቀላል ነበር፤ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እያለ እስክሪብቶውን አንሥቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሳይጽፍ አስቀመጠው።

በማግስቱ ሁሉንም በኮምፒውተር ክፍሉ ሰበሰባቸው። እናትየው ከሴት ልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ኃላፊው መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቀረ፤ የኔትወርክ ባለሙያዋ ከማሽኑ ፊት ናት። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ።

«የጀመርኩት ከመላቀቁ አይደለም» አለ ጆሮ። «ከመገናኘቱ ነው። ማከማቻው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ተገናኝቷል፤ ቀድሞ ቢገናኝ ኖሮ ካሜራው ሲወጣ ያየው ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ በራሱ ይገናኛል ተባልኩ። ማሽኑ ግን አልጠፋም። ስለዚህ በሰው እጅ ተገናኝቷል፤ ወድቆ የተኛ ሰው ደግሞ ተነሥቶ አያገናኝም።»

እናትየው መቀነታቸውን ጨብጠው ያዳምጣሉ።

«ማን ነው ታዲያ? ዘበኛው የይለፍ ቃል አያውቅም። እሷ» ወደ ባለሙያዋ እያመለከተ፣ «መስመሩ ሁሉ በእጇ ስለሆነ ካሜራውን ለማሳወር ኬብል መንቀል ይበቃታል። የሰው ቃል መዋስ አያስፈልጋትም። ጎተራውም አይደለም። እሱ ሣጥኑ ሲላቀቅ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል። አሁን እናያለን። አላቅቂው።»

«ዶክተሮቹ ምስል እየከፈቱ ነው፣ ሥራ ይቆማል» አለ ኃላፊው።

«ዳይሬክተሩ ፈቅደዋል።»

ባለሙያዋ ጥቂት ፊደል መታች።

«ማሽኑ ምስሉን አስቀምጥ የተባለው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው» አለ ጆሮ። «ሣጥኑ ሲገናኝ በዚያ ፎልደር ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሲላቀቅ ምንጣፉ ተነሣ ማለት ነው፤ ማሽኑ ግን መቅረጽ አላቆመም። ባዶው ወለል ላይ፣ በራሱ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማስቀመጡን ቀጠለ። ሣጥኑ ተመልሶ ሲገናኝ ምንጣፉ በላዩ ተነጠፈ። ከላይ ሆኖ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ቦታ መያዙ ብቻ ይታወቃል። ጎተራው ራሱን ሊደብቅ ቢፈልግ እንዲህ አያደርግም ነበር። ይህን ያደረገው ማገናኘትና ማላቀቅን የሚያውቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

ባዶ መሆን የነበረበት ፎልደር ተከፈተ። ባዶ አልነበረም። ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ፋይል አስነሣችው።

ሁለት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው የጣሪያውን በር ከፍተው ወጡ። ጎተራው እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ጃንጥላውን የያዘለት የእህቱ ባል ነው። ከዚያ ክፍት በርና ዝናብ ብቻ። በኋላ አንዱ ተመልሶ ገባ፤ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ውሃውን አራግፎ ወረደ።

ኃላፊው ከመስኮቱ ሳይርቅ፣ «ተንሸራቶ ነው» አለ። «አልገፋሁትም።»

«ሊሆን ይችላል» አለ ጆሮ። «ካሜራው የሚያየው በሩን ነው። እዚያ ላይ የሆነውን አንተና ፈጣሪህ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን ማሳወርህን ነው።»

ከዚያ ምክንያቱን ተናገረ፤ ያገኘውም ጎተራው ሲፈትሽ ከጻፈው ማስታወሻ ነው። ኃላፊው አንዱን የምስል ማከማቻ ለሁለት ማሽኖች በአንድ ጊዜ አገናኝቶት ነበር። ሥራ ያፈጥናል ብሎ ነው፤ ክፉ አላሰበም። ሁለቱ ማሽኖች ግን አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ በአንድ ቦታ ላይ ሲጽፉ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየደመሰሰ የሕዝቡን ምስል አዘበራረቁት። ዲስክ ነው ብሎ አሳበበ። ጎተራው ደረሰበት። ሐኪሞቹ በተሳሳተ ምስል እያከሙ ነውና ዛሬ ነገ ሳይባል ለዳይሬክተሩ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ አለው።

«ሁለቱንም ስሕተት የሠራው አንድ እጅ ነው» አለ ጆሮ። «ማገናኘትን ብቻ የሚያውቅ እጅ።» ቀጥሎ ያለውን ሳይናገር ቢቀር ደስ ባለው። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሎ ጽፏል። ዝናቡ እየወረደበት ቆይቷል። ድንገተኛ ክፍሉ ከደረጃው ሥር ነው፤ አንተም የወጣኸው በዚያ በኩል ነው። መጀመሪያ ግን እሱ ወንበር ላይ ተቀመጥህና ማከማቻውን አገናኘህ። ሐኪሞቹ ምስል አጣን ብለው ሰው እንዳይጠሩ።»

ኃላፊው ወደ ሚስቱ ተመለከተ፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ፖሊሶቹ ገብተው ሲይዙት እጁን ራሱ ሰጠ። ዘበኛው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ቆቡን መልሶ ማድረግ አቅቶት በእጁ ያገላብጠዋል።

«በገዛ እጁ አልሞተም ማለት ነው» አሉ እናትየው።

«አልሞተም፣ እናቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆሮ እንባ ጠብቆ ነበር፤ አልመጣላቸውም። ባለሙያዋ ማከማቻውን መልሳ አገናኘች። የተዘበራረቁትን ምስሎች ማን ይለይ እንደሆነ ጆሮ ጠየቃት። ጎተራው ጀምሮት ነበር፣ አለች፤ የማንን ከማን እንደሚለይ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ሁሉንም ሰው ጠርቶ እንደ አዲስ ማንሣት ነው፤ የሚመጣው ይመጣል፣ የማይመጣውም አለ።

እህትየው ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። እናቷን አላየቻቸውም፤ ነይም አላለቻቸው። እንደ እንግዳ ሰው በፊታቸው አልፋ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ እናትየው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮ ዞሩ።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ እኮ የምኖረው እነሱ ቤት ነው። አሁን ወዴት ነው የምሄደው?»

ጆሮ አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።