የኩታው ጥለት

ገሳይ አጠገብ ካለች መንደር ለፖሊስ የደረሰው ጥሪ አጭር ነበር፤ «ብዙነሽ ባሏን በመድኃኒት ገደለች» ይላል። ኢንስፔክተር ሰሚራ ከደብረ ታቦር ስትደርስ የአቶ ፈንታሁን አስከሬን በነጭ ኩታ ተሸፍኖ መደብ ላይ ተጋድሟል። ሚስትየዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ጎረቤቱ ፈርዶባት ጨርሷል፤ የሰፈር ሰው ፍርድ መቼ ቸግሮት ያውቃል።

የሟቹ ልጅ ብርቱካን ጣቷን ወደ እንጀራ እናቷ ቀሰረች። «በየቀኑ እንስራው ውስጥ አንድ ነገር ስትጨምር በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የውሃ ማከሚያ ነው» አለች ብዙነሽ እንስራው አጠገብ ያለውን ጠርሙስ እያሳየች። «ጠዋት ጠዋት አንድ ክዳን። አንድም ቀን አላጓደልሁም።»

ጠርሙሱን ያደለቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰላማዊት ግራ ገብቷታል። «ማስመለሱም ተቅማጡም የአተት ነው። ግን መድኃኒቱን ያላጓደለ ቤት እንዴት በአተት ይሞታል?»

ሰሚራ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ የኩታውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ጥለቱን ስታይ ቆየች።

«ይህን ማን አጠበው?»

«እኔ» አለች ብርቱካን። «አባቴ ለቡሄ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን እንዲስሙ ብዬ።»

ሰሚራ ከጎረቤት ተመሳሳይ ጠርሙስ አስመጥታ ሁሉንም ሰበሰበች።

«አሽትቱ። የጎረቤቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ይሄኛው አይሸትም፤ ውሃ ነው። እትዬ ብዙነሽ ሲጨምሩ የሰነበቱት ውሃ ላይ ውሃ ነው። መድኃኒቱ የት ገባ? ጥለቱን እዩት፤ ስፌቱ ውስጥ ቀይ ነው፣ ላዩ ግን ገርጥቷል። ሳሙና እንዲህ አያደርግም፤ በረኪና ነው የሚያደርገው። የውሃው መድኃኒትም የበረኪና ዘር ነው።»

«እሷም ከዚያው ውሃ ጠጥታለች» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ።

«አተት ሁሉን እኩል አይጥልም። ሽማግሌ ላይ ይጠናል።»

ብርቱካን ኩታውን አየችው። «ኩታውን አጥቤበት ሲያልቅ፣ እንጀራ እናቴ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ውሃ የሞላሁበት» አለች። «አባቴ ነጭ ይወዱ ነበር።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ብዙነሽ ተነስታ እንስራውን ደፋች፤ አጥባ ንጹሕ ውሃ ሞላችበት። ከሰላማዊት አዲስ ጠርሙስ ተቀብላ አንድ ክዳን ለክታ ጨመረች።

«ግማሽ ሰዓት ይቆይ» አለች ሰላማዊት።

ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ብዙነሽ በጣሳ ቀዳችና ጠዋት ገዳይ ላለቻት ልጅ አቀበለቻት።

«ጠጪ፣ ልጄ።»

ብርቱካን ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።