የአንበሪው ጥያቄ

አንበሪው ሳያስፈቅድ ሥራ ጀምሮ አያውቅም። ማስረሻ ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ሲያጠልቅ፣ «ማስረሻ፣ ደህና አደሩ? እንጀምር? ፈቃድዎ ነው?» ይለዋል። «ፈቃዴ ነው» ሲል ደረቱ ትንሽ ነፋ ይላል። ትምህርት ሲያቋርጥ ያልተጠየቀ፣ ከሥራ ወደ ሥራ ሲወረወር ያልተጠየቀ ሰው፣ በዚህ ምድር ላይ አንቱ ብሎ የሚጠይቀው ይኼው ብረት ብቻ ነበር።

ሐረዋ ከተማ ውሃዋን የምትጠጣው ከሥሯ ከተዘረጋው ዋሻ ነው። አንበሪ የሚሉት ማሽን ዋሻው በጎርፍ ሲሞላ እየዋኘ ይገባና፣ ዮናስን እንደዋጠው ዓሣ፣ ሰውን በሆዱ ይዞ ይወጣል። ጓንቱ ደግሞ ማሽኑ የነካውን ሁሉ ለለባሹ ጣቶች ያቀብላል፣ ለባሹ ሲጨብጥም ማሽኑ ይጨብጣል፤ ድንጋዩ ይሻክራል፣ ውሃው ያንዘፈዝፋል።

አንድ ቀን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሳይታሰብ ዋሻው ውስጥ ገባ። ቧንቧ ጠራጊዎቹ ከውስጥ ቀሩ። ከመሃላቸው የማስረሻ እህት ትርንጎ አለች። አለቃው ኢንጂነር ሳህሉም ሊጎበኝ ወርዶ ነበር። ማስረሻ ያንን ሰው ባሰበ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ከቢሮ አውርዶ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲመድበው፣ «ምነው ሳልጠየቅ?» ቢለው፣ ሰው በተሰበሰበበት «ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም» ብሎ አስቆበታል። ያ ሳቅ እስከዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ።

አንበሪው ገባ። ማስረሻ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ ጨለማውን ዳበሰ። ጭቃ፣ ስል ድንጋይ፣ እንደ ጠርሙስ አንገት የጠበበ መተላለፊያ። ከዚያ ድንገት የሰው እጅ ጨበጠ፤ በረዶ የመሰለ፣ የሚንቀጠቀጥ። የታች ድምፅ ወደ ላይ ይሰማል፤ የላይ ግን ወደ ታች አይወርድም።

«ፈቃድዎ ነው?» አለ አንበሪው አፉን ከፍቶ።

«እኔ?» የትርንጎ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። «ጋሽ ገልገሎ እያሉ? ነውር አይደል እንዴ! ይግቡ፣ በሞቴ!»

አንበሪው ወደ ሽማግሌው ዞሮ ጠየቀ።

«እኔማ ዘመኔን በልቻለሁ» አሉ ጋሽ ገልገሎ። «ልጆቹ ይውጡ።»

ሳህሉንም ጠየቀ። «ኧረ ምን በወጣኝ! ሴት ልጅ ቆማ?»

«ዛሬ ገና ጨዋ ሆነልኝ» አለ ማስረሻ በልቡ።

የቀሩትም እንደዚያው እርስ በርሳቸው ተገባበዙ። አንበሪው አፉን ገጠመ። «ማንም አልፈቀደም» አለና ባዶ ሆዱን ይዞ ዞረ።

«ተመለስ! አንተ ደንቆሮ ብረት፣ መግደርደራቸው እኮ ነው!» ማስረሻ ጓንቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ከታች «ወዴት ነው የሚሄደው? ኧረ ትቶን ሄደ!» የሚል ጩኸት መጣ። ውሃው ድንጋዩን ሲመታው የነበረው ድምፅ ተለውጦ ነበር፤ አሁን የሚመታው ሰውነት ነው።

ከጎኑ ቆማ የማሽኑን አእምሮ የምትጠብቀው ኢንጂነር ሜላት ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰው አይ ካለ እንዳይነካው ነው የተማረው» አለች።

«እዚህ አገር ሦስቴ ሳይለመን እሺ የሚል ማን አለ?»

«እስከዛሬ ያወጣው ብቻውን የቀረ ጠላቂ ነው፣ ጋሽ ማስረሻ። ብቻውን የቀረ ለማን ይግደረደራል?»

«እንግዲያው ጥያቄውን አጥፊው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «አንበሪዎቹ የጋራ ልብ ነው ያላቸው። አንዱ የተማረውን በየሐይቁ፣ በየወንዙ ያሉት ሁሉ ይማሩታል። ለዚህኛው ብቻ ላጠፋ አልችልም።»

«እህቴ ናት ያለችው! መጠየቅ ለደላው ነው። እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ይኸው አልሞትኩም። አጥፊው!»

አጠፋችው።

አንበሪው ሲመለስ ውሃው አንገታቸው ደርሶ ነበር። አልተናገረም። አፉን ከፈተ፣ ያዘ። ማስረሻ በጓንቱ የእህቱን ትከሻ ጨበጠ፤ አጥንቷ መዳፉ ውስጥ ሲፍጨረጨር፣ ጥፍሯ ሲቧጥጠው፣ በጡጫ ስትደበድበው ተሰማው። «እምቢ! ልቀቀኝ! እሳቸው ይቅደሙ!» ስትል የአንበሪው አፍ ተዘጋባት። እጁን ከጓንቱ ለማውጣት ቃጣው፤ ግን ቢያወጣ ትሞታለች። እየቧጠጠችው ያዛት።

ጋሽ ገልገሎን እየጸለዩ ዋጣቸው። ሌሎቹንም እየተመላለሰ አንድ በአንድ ለቀመ። ሳህሉ የወጣው ከሁሉም ኋላ ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ፣ ማስረሻ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«አልጠየቀኝምኮ፣ ማስረሻ» አለ። «እንደ ድንጋይ አንስቶ ዋጠኝ። ሊያወጣኝ ይሁን ሊገድለኝ በምን አውቃለሁ?»

ማስረሻ መልሱን ስንት ዓመት ምላሱ ሥር ይዞት ኖሯል። «ይነገርሃል እንጂ አትጠየቅም» ሊለው አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። መዳፉ ላይ የእህቱ ጥፍር ገና ያቃጥለው ነበር።

በማግስቱ ሲመጣ ሜላት ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ቆመች አገኛት። እንቅልፍ አላየችም።

«ያጠፋሁትን ጥያቄ መልሼ ላስገባለት ብል እምቢ አለኝ» አለችው። «‹ስጠይቅ ሊሞቱ ነበር፤ ሳልጠይቅ ዳኑ› ይላል። ምን ብዬ ልከራከረው? ሐይቅ ዳር ያለው አንበሪ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ሰው እያወጣ ነው።»

«ማን ሰጠመ?»

«ማንም። እየዋኙ ነበር።»

ማስረሻ ወደ አንበሪው ዞረ። ሰላምታውን ጠበቀ። «እንጀምር?» እስኪለው ድረስ ቆሞ ጠበቀ፣ እንደ ልጅ። ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «ዛሬስ አልጀምርም» ሊለው አሰበ፤ የለመደ እጁ ግን ቀድሞት ጓንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጓንቱ በገዛ ራሱ አንጓው ላይ ጥብቅ አለ።

«ፈቃዴን ጠይቀኝ እንጂ» አለ ማስረሻ። ድምፁ ትርንጎ ዋሻው ውስጥ ያወጣችውን ድምፅ መሰለ።

«ማስረሻ፣ ደህና አደሩ» አለ አንበሪው። «ጀምረናል።»