የሻደይ እግር አጣጣል

«ትከሻሽን ተይው፣ እግርሽን አሳይኝ!» አለ ደርቤ፣ ጎንበስ ብሎ የእህቱን እግር እያየ።

ትሁት ሳቀች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የጓሮው መሬት ያንሸራትታል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከጉልበቷ ሸብረክ አለች፤ ግራ እግሯን አስቀድማ፣ ቀኟን አስከትላ፣ ወገቧን እየነቀነቀች ዞረች። ደርቤ ሊከተላት ሲሞክር ከአዲስ አበባ ያመጣው የቆዳ ጫማ ጭቃው ላይ ከዳው፤ አጥሩን ይዞ ተረፈ።

«እግርህ የተማረው ሕግ ብቻ ነው መሰለኝ» አለችው።

ሁለቱም እየሳቁ ሳለ ከቤቱ ጥግ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰሙ። አባታቸው መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይኼ? በፍልሰታ ጾም ጭፈራ?»

ትሁት ወንድሟን አየችው። መልሱን ከእሱ ነበር የጠበቀችው።

«እሷ ናት፣ አባባ» አለ ደርቤ አንገቱን ደፍቶ። «ካልተጫወትን ብላ አስቸገረችኝ።»

መሪጌታ ወደ ትሁት ዞሩ። «ነገ ዳኛ የሚሆን ሰው ከመጽሐፉ ታስነሽዋለሽ? በቃ፣ ዘንድሮ ለሻደይ አትወጪም።»

ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከውስጥ ሆነው በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ሲከፋቸው የሚናገሩት በአገውኛ ነው። የባላቸውን ቃል ግን አላስቀየሩም።

ደርቤ በ1961 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት የመጣው እስከ ኮረም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ሕግ እንደሚያጠና የማያውቅ ሰው የለም፤ አባቱ በየደጀ ሰላሙ ተናግረውለታል። ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ጭፈራም እንደሚማር የምታውቀው ግን ትሁት ብቻ ናት።

«ጭፈራም ትምህርት ሆነ?» ብላው ነበር በመጣ ሰሞን።

«ሆነ እንጂ። መምህራችን ከየአገራችሁ ጨዋታ አሳዩ አለን። የጎጃሙ ልጅ ተነሣ፣ የወለጋው ተነሣ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሻደይን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ እግራችሁ የት እንደሚያርፍ ግን አላውቅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ሕጉን አልጠላሁትም። ግን ቀኑን ሙሉ አንብቤ፣ ከሰዓት ከበሮ ስሰማ ነው ሰው የምሆነው።»

ለዚህ ብላ ነበር ልታስተምረው እሺ ያለችው።

በማግስቱ ጓደኛዋ ቦሰና ለሻደይ ልምምድ ልትወስዳት ከአጥሩ ማዶ ተጣራች። ዘንድሮ የልጃገረዶቹን ዘፈን የምትመራው ትሁት ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ለከርሞ ለትምህርት ወልድያ ትሂድ ወይ ባል ይምጣባት፣ ማን ያውቃል?

«አሞኛል» አለቻት ትሁት።

«ምንሽን?»

«ሆዴን።»

ቦሰና አላመነቻትም። «እንግዲህ ካልመጣሽ ዘፈኑን ለሌላ እንሰጣለን» ብላ ሄደች። ትሁት አጥሩን እንደያዘች ቆመች። የዋሸው ደርቤ ነበር። አሁን እሷም ዋሽታ አረፈችው።

ደርቤን ከቤት ጀርባ፣ ያልገለጠውን መጽሐፍ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘችው።

«አሳልፈህ ሰጠኸኝ አይደል?»

«ተይ እንጂ ትሁቴ። አባባ ቢያውቁ እኮ ከትምህርቱ ያስቀሩኛል። ልጄ አዝማሪ ሆነ ብለው ደጅ አይወጡም። ላንቺ አንድ ሻደይ ነው፤ ለእኔ ግን ሕይወቴ ነው።»

«አንድ ሻደይ?» አለችው። «አንድ ሻደይ ከሆነ ታዲያ ምን አስለመነህ?»

ደርቤ መጽሐፉን ገለጠ።

«እኔ ሄጄ አልነግርብህም» አለች። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሽሮ ፊት ሲቀመጡ መሪጌታ ትሁትን ሲያዩ ቆዩ። ፊቷ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ ጾሙን ማክበር አቃተሽ? ቆይ ሻደይ እስኪደርስ ብትታገሺ ምን ነበረበት?»

ትሁት እጇን ከገበታው ሰበሰበች። ወንድሟን አላየችውም።

«ጨዋታውን የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም፣ አባባ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እናትየው እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ደርቤ ውኃ አነሣ፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ዋሽቼዎት ነው። እዚያ... ጭፈራም እማራለሁ፣ አባባ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉንም አልተውኩም። ሁለቱንም ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ድምፃቸውን ሳያነሡ ተናገሩ፦ «እኔ አቋቋም ስማር ነው ወጣትነቴ ያለቀው። እግሬን እንዴት እንደማነሣ፣ አንገቴን እንዴት እንደምሰብር መምህሬ በአርጩሜ ነው ያስተማሩኝ። የማሸበሽበው ግን ለእግዚአብሔር ነው። አንተስ ለማን ነው?»

«ገና አላወቅሁም» አለ ደርቤ።

«ደስ አላለኝም፣ ደርቤ። ደስ ብሎኛል አልልህም። ያወቅህ ዕለት ግን መጥተህ ንገረኝ።»

ከዚያ እንጀራውን ቆርሰው በሽሮ ጠቀለሉና ወደ ትሁት ዘረጉት። አባቷ ይቅርታ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አኘከችው።

«ለሻደይ ውጪ» አሏት።

ወጣች። ጾሙ ተፈትቶ ሻደይ ሲደርስ ዘፈኑን ቦሰና ይዛው ነበር፤ ትሁት ግን ከኋላ ሆና ስትቀበል ከሁሉም በላይ ጮኸች። ደርቤን ከተመልካቹ መሃል አየችው። ሰው ሁሉ የልጃገረዶቹን ሹሩባና ጥልፍ ሲያይ እሱ መሬት መሬት፣ እግራቸውን ያያል።

በሻደይ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ደርቤ ጓሮ ሄዶ ተቀመጠ። አልጠራትም፤ ለመጥራት አፍሮ ነበር። ትሁት በመስኮት ለጥቂት ጊዜ አየችው። ቂሟ ገና አልወጣላትም። ደግሞ ክረምቱ እያለቀ ነው፤ በቅርቡ በቅሎው ይጫናል።

በፊት ለፊቱ በር ወጣች። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ መጽሐፋቸውን ዘርግተዋል። ትሁት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች።

«ደርቤ!» ብላ ተጣራች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ና ወዲህ! እዚህ ነው የማሳይህ።»

ደርቤ ከጥጉ ብቅ ብሎ አባቱን ሲያይ ቆም አለ። መሪጌታ ቀና አላሉም፤ ከመቀመጫቸውም አልተነሡም። አንድ ገጽ ገለጡ።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው ትሁት፤ ማጨብጨብም ጀመረች።