ለእሳቱ ጀርባ የሰጡ ዘበኞች

ከበሩ ጀርባ ወፍራም ጥዝዝታ ይሰማል። መርማሪ ማዕዶት ሳትከፍተው አወቀችው፤ ዝንብ ነው።

ባሕር ማዶ፣ ሃውገሩድ ሰፈር ያለው የጋሽ ገነነ ቤት በሐምሌ ሙቀት መስኮቱ ተዘግቶ ሰንብቷል። ሽማግሌው ሶፋው ላይ ተነፍተው ተጋድመዋል፤ የታፈኑበት ትራስ ምራቅና ደም ጠጥቶ ደርቋል። ማዕዶት የተጨበጡ ጣቶቻቸውን በግድ አላቀቀች። የጠቆረ የብር ሳንቲም ወጣ። አሸተተችው፤ ከሬሳው ሽታ ሌላ፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። የትራሱም ሁለት ዳር እንዲሁ።

«አዲስ ብር አሮጌ የሚመስለው በእንቁላል አስኳል ሲጠቁር ነው» አለች ለባልደረባዋ። «ይሄ የዘንድሮ ሥራ ነው።»

ጋሽ ገነነ ከአንድ ኢራናዊ የገዙት የጥንት ፋርስ ሳንቲም ነበራቸው፤ በአንድ ገጹ ንጉሥ፣ በሌላው የእሳት መሠዊያና ሁለት ዘበኞች። ያሳዩት ለሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ለልጃቸው ለሶልያና፣ ቁልፍ ለሰጡት ጎረቤታቸው ለሹዓይብ፣ የብር መስቀል ለሚሠራው ለዲያቆን አቤሴሎም።

በነጋታው ሦስቱን ሄልስፊር ያለው የፖሊስ ቢሮዋ ሰበሰበቻቸው።

«ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው» አለች ሶልያና፣ ሹዓይብን ሳታየው። «ታዲያ ሌላ ማን ይገባል?»

«ልጄ፣ ስልክ አላነሳ ቢለኝ ነው ከፍቼ ፖሊስ የጠራሁት» አለ ሹዓይብ። የጭነት መኪናውን አልናብሩ ዕቃ ማራገፊያ አቁሞ ነው የመጣው፤ ከዚህ በካቴና ሊወጣ እንደሚችልም ገብቶታል።

ማዕዶት ወረቀት አደለች። «የሳንቲሙን ጀርባ እንዳስታወሳችሁት ሳሉልኝ።»

«የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው እንዴ?» አለ አቤሴሎም።

ሶልያናና ሹዓይብ የሳሏቸው ዘበኞች ለእሳቱ ጀርባ ሰጥተዋል። «ገነነ የተኳረፉ ባልና ሚስት ይላቸው ነበር» አለ ሹዓይብ። የአቤሴሎም ዘበኞች ግን ወደ እሳቱ ዞረዋል።

«ተሳስታችኋል» አለ ዲያቆኑ። «ለመሠዊያ ጀርባ የሚሰጥ አገልጋይ የት አለ? እኛ ከመቅደስ ስንወጣ እንኳ የኋሊት ነው የምንራመደው።»

ማዕዶት ከሟች እጅ ያገኘችውን ሳንቲም ፊቱ አስቀመጠች። ዘበኞቹ ወደ እሳቱ ያያሉ።

«ሙዚየም ጠይቄያለሁ፤ የዚያ ንጉሥ ዘበኞች የሚያዩት ወደ ውጭ ነው። አንተ አንዴ አይተህ ከሐሳብህ ቀረፅከው፤ እጅህ የለመደውን አደረገ። በእንቁላል አጥቁረህ፣ ለጥየቃ ሄደህ በእውነተኛው ቦታ ተካኸው። ጋሽ ገነነ ዘበኞቹ መዞራቸውን አይተው ሲያፋጥጡህ፣ ያንኑ ግም እጅህን ይዘህ ትራሱን አነሳህ። ሳንቲሙን ያወጣህበትን ቅርጽ ማውጫ ዛሬ ጠዋት ከወርክሾፕህ አግኝተነዋል።»

አቤሴሎም ጥፍሮቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። «የጣዖት ብር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ክርስቲያን ቤት ምን ይሠራል?»

ማዕዶት ሳንቲሙን ከፊቱ አነሳች። «እውነተኛውን መሸጥህን ደርሰንበታል፤ ያኔ ጣዖትነቱ የት ሄደ?»

«እና እውነተኛው ይመለሳል?» አለች ሶልያና። «ወራሽዋ እኔ ነኝ።» ስለ አባቷ የጠየቀችው ነገር የለም።

«ጋሽ ሹዓይብ፣ መሄድ ይችላሉ» አለች ማዕዶት።

ሶልያና ያኔ መወንጀሏ ትዝ ብሏት እጇን ዘረጋችለት። ሹዓይብ እጇን አየት አደረገ። ጃኬቱን ከወንበሩ አንስቶ ወጣ።