ምንም አልወሰደም

የጡብ ማምረቻው ሠራተኞች ፎርማናቸውን «ዶክተሩ» ይሉታል። በቀልድ የተጀመረ ነው፤ እሱ ግን ወዶታል። ለጡብ የሚሆነው ጭቃ የሚቆፈርበት ጉድጓድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ያቁራል፣ ወባም ከሰፈሩ ጠፍታ አታውቅም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ልማድ አወጡ፤ የታመመው ሲሻለው የተረፈውን ክኒን ለፎርማኑ ያስረክባል፣ ፎርማኑም በወተት ዱቄት ጣሳ አስቀምጦ ቀጥሎ ለሚታመመው ያድላል። መተሳሰብ መሆኑ ነው! እኛስ ብንሆን ስንቶቻችን ነን ለጎረቤት ክኒን አቀብለን የተመረቅነው?

ፎርማኑ ራሱ ባለፈው ወር ታሞ ነበር። ጤና ጣቢያ መርምረው ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጡት። ነጩን በሦስት ቀን ጨረሰ፣ ትኩሳቱም ለቀቀው። ትንሿን ቡናማ ክኒን ግን አሥራ አራት ቀን ውሰድ ተብሎ ሳለ፣ ምግብ ሳይበላ ሲውጣት ሆዱን ቆረጠችውና በአራተኛው ቀን «ድኛለሁ አይደል፣ ምን አሠቃየኝ!» ብሎ ተዋት። የተረፈችው ጣሳ ውስጥ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሙን ትኩሳት ያዘው። ወንድምየው እዚያው ጭቃ አቡኪ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት።

«ጋሼ፣ ሄጄ ልመርመር እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ ተሰልፈህ ልትውል? ዛሬ እኮ ምድጃ ይለኮሳል! ወባ መሆኑ ዓይንህ ላይ ይታያል፣ የምን ምርመራ ነው።» ከጣሳው ሌሎች ያስረከቡትን ነጩንም የራሱን ቡናማም ዘገነለት። «አንተ ደግሞ ግንድ የምታክል ሰው ነህ፤ ሁለት ሁለት አድርገህ ዋጥ። እንዳታቋርጥ ታዲያ!»

ይህን የሚለው ራሱ ያቋረጠው ሰው ነው እንግዲህ።

በሦስተኛው ቀን ወንድምየው አካፋውን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ፎርማኑ በጡብ መኪናው አሳፍሮ እየበረረ ሆስፒታል አደረሰው።

«ምን መድኃኒት ወስዷል?» አለች ሐኪሟ።

ፎርማኑ ወደ ወንድሙ ዞር አለ። ወንድሙም ቀደመው። «ምንም አልወሰድኩም» አለ በደከመ ድምፅ። ታላቁን እንዳያዋርደው ፈርቶ ነበር።

ሐኪሟ ወደ ፎርማኑ ዞረች። «እውነት ነው?»

«ምንም አልወሰደም» አለ።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። መድኃኒት ሰው አይገድልም፣ ደግሞስ በምርመራ ያገኙት የለ፣ እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። አልሆነለትም፤ ነርሷ የደም ናሙና ይዛ ባለፈች ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። ከሰዓት በኋላ ሊያየው ሲገባ ወንድሙ ከሸሚዙ ኪስ የተጨማደደ ወረቀት ያወጣል። ውስጡ ቡናማ ክኒኖች አሉ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የዛሬዬን ልውጥ ነዋ። እንዳታቋርጥ ብለኸኝ የለ?»

ፎርማኑ ክኒኑን ከእጁ መንጭቆ እየሮጠ ወጣ። «ዶክተር! ዋሽቼዎታለሁ! እኔ ነኝ የሰጠሁት!»

ሐኪሟ ክኒኑን አገላብጣ አየችው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት በወደደ።

«ነጩ ክኒን ደም ውስጥ ያለውን የወባ ተሕዋስ ይገድላል» አለች። «ይቺ ትንሿ ደግሞ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ነው የምታጠፋው፤ እሱ ካልጠፋ ወባው ከወራት በኋላም ይመለሳል። ጥሩ መድኃኒት ናት። ግን ከተፈጥሯቸው ደማቸው የማይችላት ሰዎች አሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ታፈርሰዋለች። ለዚህ ነው መርምረን የምንሰጠው። ወንድምዎ ሌላ አንድ ቀን ቢወስዳት ኖሮ ላናተርፈው እንችል ነበር።»

«እኔ እኮ ሆዴን ስትቆርጠኝ ነው የተውኳት...»

«ከምግብ ጋር ይወስዷታል፤ ካስቸገረችዎት ደግሞ ተመልሰው ይነግሩናል። በራስዎ ማቆምም ሆነ ለሌላ መስጠት የለም። የእርስዎም ወባ ጉበትዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ እርስዎም ይመርመሩ።»

የወንድምየው ክኒን ቆመ፣ ደም ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን ሽንቱ እየጠራ፣ ትንፋሹም እየተመለሰ መጣ። ሚስቱ እንባዋን እያበሰች ገባች።

«ጋሼ፣ አንተ ባትደርስለት ልጆቼ ያለ አባት ቀርተው ነበር!» ብላ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች።

ወንድሙ ከአልጋው ሆኖ «ዝም በል» በሚል ዓይን አየው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ፎርማኑ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ተይ፣ አትሳሚኝ። ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ክኒኑን ሰጠሁት፣ ሐኪሟ ስትጠይቀኝም ካድኩ።»

ሴትየዋ ቀና አለች። ከዚያ፣

«ለስንት ሰው ሰጥተሃል?» አለችው።

ፎርማኑ ሊያስታውስ ሞከረ። ማን የትኛውን እንደወሰደ፣ ማን ሥራ ትቶ እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ ጠይቆ እንኳ አያውቅም። ያኔውኑ ተነሥቶ ወጣ፤ የሠራተኞቹን ቤት ተራ በተራ ያንኳኳ ጀመር። በየበሩ የሚለው አንድ ነው፦ «ወንድሜን ልገድለው ነበር። የሰጠኋችሁን እንዳትውጡ። ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ለእናንተ የታዘዘውን ብቻ ውሰዱ፣ እስከ መጨረሻውም ጨርሱ።»