ዘጠነኛው ዜማ

ጊታሩ ወንበሩ ላይ በወጉ ተደግፏል፤ ባለቤቱ ቶርላይፍ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጎኑ በደም የራሰ የማይክራፎን መቆሚያ ብረት ወድቋል። ይህችን አሮጌ የባሕር ጠረፍ ቤተ ክርስቲያን የተከራየው በጊታር ብቻ የሚጫወተውን አልበም ሊቀርጽባት ነበር። ስምንቱ ዜማዎች ተቀርጸው ዘጠነኛው ተጀምሮ ነበር።

መርማሪዋ ጉድኒ ስትደርስ የአካባቢው ፖሊስ የሟችን ታናሽ ወንድም አስቢዮርንን በካቴና አስሮታል። ሬሳውን ታቅፎ ስለተገኘ ሸሚዙ በደም ተበክሏል፤ ወንድማማቾቹ በአባታቸው የጀልባ ቤት ውርስ ተጣልተው ዓመት ሙሉ እንደተኮራረፉም መንደሩ ያውቃል። የሟች ሚስት ቱርዲስ የአስቢዮርንን ዓይን ማየት አልፈለገችም። መንደር አንዴ ከፈረደ ደግሞ ፍርዱን የሚሽር ዳኛ የለም።

ጉድኒ ሬሳ ባለበት ቤትም ቢሆን ቡናዋን ያለ ወተት አትጠጣም። የቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ገብታ እዚያ ያለውን ፍሪጅ ስትከፍተው መብራቱ አልበራም። ውስጡ ያለው ቡናማ አይብ ሞቆ አልቦታል፤ ከወተቱ አጠገብ የመኪና ቁልፍ ተቀምጧል። ምንም ሳትነካ ዘጋችውና በዝናቡ ውጭ ወጥታ ደጅ የቆመችውን መኪና ሥሯን ጎንበስ ብላ አየች።

ከዚያ ድምፅ ቀራጩን አይቪንን አነጋገረችው። የዓሣ ፋብሪካ ማሽን በወጣትነቱ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ቆርጦበታል። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ቶርላይፍ ልረፍ ስላለው ዳቦ ሊገዛ በመኪናው ጎረቤት መንደር መሄዱን፣ ሱቁ ተዘግቶ ስላገኘው መመለሱን፣ ሲደርስም አስቢዮርንን ሬሳው ላይ ማግኘቱን ነገራት።

ጉድኒ ሁሉንም መሠዊያው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አይቪን፣ ፍሪጁን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ያጠፋዋል? ጉርምርምታው ማይክራፎን ውስጥ ይገባል። ስንቀርጽ ሁሌ አጠፋዋለሁ።»

«መልሰህ ማብራቱን ብትረሳስ?»

«አልረሳም። የመኪናዬን ቁልፍ እዚያው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ያለ ቁልፍ የት እሄዳለሁ?»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

«የትም አትሄድም፤ የትም አልሄድክም» አለች ጉድኒ። «ቁልፉ አሁንም ፍሪጁ ውስጥ ነው። ዝናቡ የጀመረው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ከመኪናህ ሥር ያለው ጠጠር ግን ደረቅ ነው። ሱቅ ሄድኩ ባልክበት ሰዓት እዚሁ ነበርክ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአይቪን ውሸት ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም።

«ለምን?» አለችው ቱርዲስ።

አይቪን የጎደለ እጁን አየ። «ዘጠኙም ዜማ የእኔ ነው። ጣቴ ሳይቆረጥ የሠራሁት። ሽፋኑ ላይ ስሜን ጻፈው ብዬ ለመንኩት። ‹ብቻዬን› የሚል አልበም ላይ የሁለት ሰው ስም አይጻፍም አለኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከአስቢዮርን እጅ ፈትቶ አይቪንን አሰረበት። አስቢዮርን ሊታረቅ እንደመጣ ለቱርዲስ ነገራትና አለቀሰ። በዚህ ጊዜ እሷም እጁን ያዘችው።

ጉድኒ ጓዳ ገብታ ፍሪጁን ሰካችው። ጉርምርምታው ባዶውን ቤተ ክርስቲያን ሞላው፤ አጥፉት ያለ ሰው ግን አልነበረም።